«ሃይብሪድ ነው፣ አይጎዳም» ለተባለው የኮምቦልቻ ጠያቂ

ጥያቄው ይህ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ዕድሜዬ 26 ነው። ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት እሠራለሁ። የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ጫት እቅማለሁ። ጠዋት ቤት ስገባ ደግሞ ዓይኔ አልከደን ይለኛል። አሜሪካ ዴንቨር ያለ የአክስቴ ልጅ ብሉ ድሪም የሚባል የካናቢስ (የጋንጃ) ዝርያ እንቅልፉን እንዳስተካከለለት ነገረኝ። የማሸጊያውን ፎቶም ላከልኝ። ሃይብሪድ፣ ቲኤችሲ 24 በመቶ፣ ቴርፒን 2 በመቶ ይላል። ከሥሩ ማይርሲን 0.8፣ ፓይኒን 0.4፣ ካርዮፊሊን 0.3፣ ሊሞኒን 0.1 በመቶ ተብሎ ተዘርዝሯል። እሱ እንደሚለው ሃይብሪድ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ አያስጨንቅም፣ ማይርሲኑም ያስተኛል። እኔ ግን በቀደም ጓደኞቼ ከሻሸመኔ መጣ ያሉትን ጋንጃ ከበርጫ በኋላ ሞክሬ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ። ሰው የሚከታተለኝም መሰለኝ። ዝርያው ስላልተስማማኝ ነው? ትክክለኛው ቢገኝ ይሻለኛል? የአክስቴ ልጅ ለበዓል ሲመጣስ ቢያንስ የሲቢዲ ዘይት ያምጣልኝ? አንድ ነገር ልጨምር፤ የእናቴ ወንድም በወጣትነቱ አእምሮውን ታሞ ጠበልም ዱዓም ተሞክሮለታል።»

የረበሸህ ዝርያው አይደለም። የረበሸህ ቲኤችሲ፣ ማለትም ካናቢስ ውስጥ ያለው የሚያሰክር ኬሚካል፣ ከጫት ጋር ሰውነትህ ውስጥ መገናኘቱ ነው። «ትክክለኛው» የተባለው ዝርያ ቢገኝም ይህ አይቀየርም። እንቅልፍህም የሚስተካከለው በብሉ ድሪም ሳይሆን የሌሊቱን ጫት ነገር ስታስተካክል ነው። የአክስትህ ልጅ ከነገረህ ውስጥ እውነትነት ያለውም አለ፤ እሱንም አልደብቅህም።

መጀመሪያ ሃይብሪድ (የተዳቀለ) የሚለውን እንይ። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የአውሮፓውን ተክል ሳቲቫ አለው። ፈረንሳዊው ላማርክ በ1785 ከሕንድ የመጣውን ኢንዲካ አለው። ሁለቱም የጻፉት ስለ ተክሉ ቅጠልና ቁመና ነው። ሳቲቫ ያነቃል፣ ኢንዲካ ያስተኛል፣ ሃይብሪድ መሃል ላይ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ቆይቶ በሻጮች የተጨመረ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ተክል ሁሉ እርስ በርሱ ሲዳቀል የኖረ ስለሆነ፣ ሁሉም ሃይብሪድ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በስድስት የአሜሪካ ግዛቶች የተመረመሩ 90 ሺህ ገደማ ናሙናዎችን አይቷል። ኢንዲካ፣ ሳቲቫ፣ ሃይብሪድ የሚለው ምልክት በውስጡ ካለው ኬሚካል ጋር አልገጠመም። ብሉ ድሪም ብሉቤሪና ሄዝ ከሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣ ይባላል። ይሁን እንጂ በአንድ ስም የሚሸጡ ዕፆች ከሱቅ ሱቅ በዘረ መል ሳይቀር ሲለያዩ ተገኝተዋል። ስለዚህ «ግማሽ በግማሽ» የሚለው ስለ ተክሉ ወላጆች የሚወራ ነገር ነው። የሚያረጋጋውና የሚያስጨንቀው እኩል ሆኖ ተመዝኖ ገብቷል ማለት አይደለም።

ማየት የነበረብህ ቁጥር 24ቱን ነው። ቲኤችሲ በ1964 እስራኤል ውስጥ በተመራማሪዎቹ ሜኩላምና ጋኦኒ ተለይቶ የታወቀው፣ አእምሮን የሚቀይረው ዋናው ኬሚካል ነው። አንጎል ውስጥ ሲቢ1 በሚባል ተቀባይ ላይ ይሠራል። 24 በመቶ ማለት በአንድ ግራም ውስጥ 240 ሚሊግራም ማለት ነው። አንድ ቀጭን ጥቅል 0.3 ግራም ቢይዝ 72 ሚሊግራም ይሆናል። ሲጨስ ግማሹ ይቃጠላል፣ በጭስ ይበናል። ወደ ደም የሚገባው ከ10 እስከ 35 በመቶው ነው ብንል እንኳ ከ7 እስከ 25 ሚሊግራም ነው። ለማመዛዘን ያህል፣ ድሮናቢኖል የሚባለው በእንክብል የተሠራ ቲኤችሲ ለሕመምተኛ ሲታዘዝ የሚጀመረው በ2.5 ሚሊግራም ነው። መንገዱ ስለሚለያይ አንድ ለአንድ አይነጻጸርም። ቢሆንም 24 በመቶ ቀላል እንዳልሆነ ያሳይሃል። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ በያዛቸው ናሙናዎች አማካዩ በ1995 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሷል። ያ ፎቶ ላይ ያለው የዚያ እጥፍ ነው። ሲቢዲ የሚባለው የማያሰክረው የካናቢስ ኬሚካል ደግሞ ጭራሽ አልተጻፈም። ብሉ ድሪም በአብዛኛው ከ1 በመቶ በታች ነው የሚኖረው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውም ሁሌ አይታመንም። በ2023 የታተመ ጥናት የኮሎራዶ ሱቆችን ናሙና መልሶ ሲመረምር፣ ከአሥሩ ሰባት የሚሆነው ከተጻፈው በጉልህ ያነሰ ቲኤችሲ ነበረው። ገዢ ቁጥር አይቶ ስለሚገዛ ቁጥሩ ያብጣል። የአክስትህ ልጅ የሚገዛው ከዚያው ግዛት ነው። ሁለተኛ፣ እሱ ልማደኛ ነው። የልማደኛ አንጎል ይለምዳል፤ ሌላውን የሚያንገዳግደው መጠን እሱን ብዙም ላይነካው ይችላል። «እኔን አላስጨነቀኝም» ማለቱ ስለ ራሱ የሚናገር እንጂ ስለ አንተ የሚናገር አይደለም።

አሁን ቴርፒኖቹ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ረዘም አደርገዋለሁ።

ቴርፒን ለተክል ሽታውን የሚሰጥ ኬሚካል ነው፤ የካናቢስ ብቻ አይደለም። ደሴ ሰኞ ገበያ ቅመም ተራ ብትገባ አፍንጫህን የሚቀበልህ አብዛኛው እሱ ነው። ድምብላል ውስጥ ሊናሎል አለ። ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ ካርዮፊሊን አላቸው። የሎሚ ልጣጭ ሽታ ሊሞኒን ነው። ኮረሪማና ባሕር ዛፍ ሲኒዮል፣ ጦስኝ ደግሞ ታይሞልና ካርቫክሮል አላቸው። እዚያው ኮምቦልቻ ውስጥ ቢራ ፋብሪካ አለ። ቢራ ውስጥ የሚገባው ሆፕ የካናቢስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ማይርሲንም ሞልቶታል። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ሰው አያሰክርም። ዶሮ ወጥ በልቶ በቁንዶ በርበሬው የመረቀነ ሰው አላየሁም።

«ማይርሲን ያስተኛል» የሚለው ከየት መጣ? በ2002 የታተመ የአይጥ ሙከራ አለ። ማይርሲን የተሰጣቸው አይጦች በማደንዘዣ የተኙት እንቅልፍ ረዘመ። መጠኑ ግን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 200 ሚሊግራም ነበር። የአይጥ መጠን በቀጥታ ወደ ሰው አይባዛም፤ በተለመደው ስሌት በ12 ገደማ ይካፈላል። እንደዚያም ሆኖ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ግራም ገደማ ንጹሕ ማይርሲን ይሆናል። ፎቶው ላይ ያለው 0.8 በመቶ በ0.3 ግራም ጥቅል ውስጥ 2.4 ሚሊግራም ነው። ይህም አንድም ሳይተን፣ ሳይቃጠል ሁሉም ከደረሰህ ነው። በ400 እጥፍ ያንሳል። በዚያ ላይ ማይርሲን፣ ፓይኒንና ሊሞኒን በቀላሉ የሚተኑ ናቸው። ተክሉ ሲደርቅ፣ ሲጓጓዝ፣ ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ይሄዳሉ። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የምርመራው ቀን ቁጥር ነው።

የአክስትህን ልጅ የሚደግፍ ነገርም አለ። በ2024 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ሙከራ 20 ጤነኛ ሰዎች ላይ ተሠርቷል። 30 ሚሊግራም ቲኤችሲ በእንፋሎት ሲወስዱ ጭንቀትና ጥርጣሬ መጣባቸው። ከመካከላቸው ለ12ቱ 15 ሚሊግራም ሊሞኒን ሲጨመርበት ጭንቀቱ ቀነሰ። ይህ እውነተኛ ግኝት ነው፤ ቴርፒን ምንም አይሠራም የሚሉትን ዝም ያሰኛል። ግን ሒሳቡን እንሥራ። ከዚያ ባለ 24 በመቶ ዕፅ 30 ሚሊግራም ቲኤችሲ ለማግኘት 125 ሚሊግራም ያስፈልጋል። በዚያ ውስጥ ያለው ሊሞኒን 0.125 ሚሊግራም ነው። ሙከራው ላይ የተጨመረው የዚህ 120 እጥፍ ነበር። ደግሞም ሊሞኒኑ የልብ ምቱን መጨመርም ሆነ የማሰብ መዘግየቱን አላስቀረም። ጭንቀቱን ብቻ ነው ያለዘበው።

ካርዮፊሊን ከሌሎቹ ትንሽ ለየት ይላል። በ2008 ሲቢ2 ከሚባለው ተቀባይ ጋር እንደሚያያዝ ታይቷል። ሲቢ2 በዋናነት የሚገኘው በሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ላይ ስለሆነ ምርቃና አይሰጥም፣ አያስተኛምም። ስለ ፓይኒን «አእምሮ ያነቃል» የሚባለውም በዚህ መጠን ሰው ላይ የተረጋገጠ ነገር የለውም፤ ልለፈው።

ወደ ልብህ እንመለስ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን እንደሚባለው ብርቱ ማንቂያ ነው የሚሠራው። ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን የሚባሉ የሰውነት ማንቂያ ኬሚካሎችን ያስለቅቃል፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ቲኤችሲ ደግሞ በጭስ ሲወሰድ በደቂቃዎች ውስጥ የልብ ምትን በደቂቃ ከ20 እስከ 50 ሊጨምር ይችላል። አንተ የጫቱ ግፊት ሳይወርድ ሌላ ግፊት ደረብህበት። ልብ እንዲያ ሲመታ አእምሮ ምክንያት ይፈልጋል፤ ቲኤችሲ ደግሞ ጥርጣሬን ያባብሳል። ሰው የተከተለህ የመሰለህ ለዚህ ነው። ብዙ ልጆች ጨብሲውን፣ ማለትም የምርቃናውን ማብረጃ፣ በመጠጥ ከማድረግ በጋንጃ ማድረግ ይሻላል ይላሉ። መጠጡም መፍትሔ አይደለም። ጋንጃው ግን ቢያንስ በመጀመሪያው ሰዓት ማብረድ የተባለውን ልብ ጭራሽ ያፋጥነዋል። ደረትህን ከወጋህ፣ ራስህን ከሳትክ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ቤት ተኝተህ አትጠብቅ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ የወሰድከውንም ሳትደብቅ ንገራቸው።

መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግከው የአጎትህ ጉዳይ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የሥጋ ዘመዱ ከባድ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ቲኤችሲ ከሌላው በበለጠ ያሰጋዋል። በ2019 የታተመና አሥራ አንድ ቦታዎችን ያካተተ የአውሮፓና የብራዚል ጥናት አለ። ከ10 በመቶ በላይ ቲኤችሲ ያለውን ዕፅ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች፣ ጭራሽ ካልተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከእውነታ የሚያጣላ የአእምሮ ሕመም ውስጥ የመገኘታቸው ዕድል ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ይህ ማለት ያጨሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። አብዛኛው አይታመምም። አንተ ግን አንዴ ሞክረህ ጥርጣሬ መጥቶብሃል፣ የአጎት ታሪክ አለህ፣ ጫት ትቅማለህ፣ እንቅልፍ አጥተሃል። አራቱም አንድ ቦታ ላይ ተደራርበዋል። እንደዚህ ላለ ሰው «በትንሹ ሞክር» የሚል ምክር የለኝም። የቴርፒን ዝርዝርም ይህን ስጋት አይቀንሰውም።

«ግን እንቅልፉ ተስተካክሎለታል» ትለኝ ይሆናል። ቲኤችሲ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ሊያስተኛ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። በተከታታይ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደውና ያው መጠን አያስተኛም። ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍልም ይቀንሳል። ሲቆም ደግሞ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ቅዠት ይበዛል፣ ሰው ይነጫነጫል። ያኔ ሰውዬው «ያለሱ አልተኛም» ብሎ ይመለስበታል። የአክስትህን ልጅ ለአንድ ሳምንት ያለሱ እንዲተኛና እንዴት እንዳደረ እንዲነግርህ ጠይቀው።

የአንተ እንቅልፍ የጠፋበት ምክንያት ግን ያን ያህል የተሰወረ አይደለም። ካቲኖን ቶሎ ይወርዳል፤ ወንድሙ ካቲን ግን ይቆያል። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስትቅም ከነበርክ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደምህ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ቡና ካለ፣ ቀኑም ብርሃን ከሆነ፣ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ማስተኛ ፍለጋ የወጣኸው ራስህ ያስገባኸው ማንቂያ ሳይወጣ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳቸው። ጓደኞችህ ከሻሸመኔ መጣ ያሉት ማሸጊያም ምርመራም የለውም። ጥንካሬውን፣ ሻጋታ መያዝ አለመያዙን፣ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ የለም። ሕጉም የታወቀ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ለአዋቂ ሰው ከ2014 ጀምሮ በሱቅ ይሸጣል። እዚህ አገር ግን በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ይከለክለዋል፤ ቅጣቱም እስራት አለበት። ሃይብሪድ ሆነ ምን ሆነ ፖሊስ አይለየውም። ደግሞ ማንም ቢሆን ይህን ወስዶ ሞተር ወይም ባጃጅ ይዞ ሐረጎን እንዳይወርድ። ርቀትና ፍጥነት መገመት ከሚበላሹት ነገሮች የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ያ ቁልቁለት ደግሞ ስህተት ይቅር አይልም። ፋብሪካ ውስጥ የሚሽከረከር ማሽን ላይ የምትቆም ከሆነም እንዲሁ ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ካናቢስን ተወው፤ ብሉ ድሪምም ሆነ ሌላ። የሌሊቱን ጫት ደግሞ ቀንስ። በአንድ ጊዜ መተው ካቃተህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ጫት አፍህ ውስጥ አታስገባ፣ ከዚያም በየሳምንቱ እየቀነስክ ተወው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያደብትሃል፣ ይደክምሃል፤ ያልፋል። ቡናህን በሺፍቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ጠጣ። ጠዋት ስትገባ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርደው፣ ስልኩን ከክፍሉ አውጣው፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተኛ። ቤተሰብ ካለ ያ ሰዓት የአንተ ሌሊት መሆኑን ንገራቸው። የቀን እንቅልፍ በቡና ግብዣና በጎረቤት ጥሪ ነው የሚሰበረው፤ እኛ አገር ደግሞ የተኛን ሰው መቀስቀስ እንደ ነውር አይቆጠርም። ከተቻለ ተራው አስቀድሞ የታወቀና የተረጋጋ እንዲሆን አለቃህን ጠይቀው። ከሰፈር ሰው ዳያዚፓም የሚባለውን የማረጋጊያ ክኒን ተቀብለህ እንዳትውጥ። እሱም የራሱ ሱስ አለው።

ሦስት ሳምንት ይህን አድርገህ ካልተሻለህ ወደ ደሴ ውጣና የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ታይ። ጥርጣሬው ያለ ጋንጃም ከመጣብህ፣ ድምፅ ከሰማህ ወይም ሰው ስምህን የሚያነሳ ከመሰለህ ግን ሦስት ሳምንት አትጠብቅ። በዚያው ሳምንት ሂድ። ለሐኪሙ ሦስት ነገር ሳትደብቅ ንገረው፦ በቀን ምን ያህል ጫት እንደምትቅም፣ ያን ቀን የተሰማህን፣ የአጎትህን ሕመም። ጠበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክልህም፤ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።

የሲቢዲው ዘይት ቀርቷል። ሲቢዲ እንደ ቲኤችሲ አያሰክርም። እንደ መድኃኒትም ዋጋ አለው፤ ኤፒዲዮሌክስ የሚባለው በ2018 አሜሪካ ውስጥ ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ተፈቅዷል። ያ ግን በሐኪም የሚታዘዝ፣ መጠኑ የታወቀ ነገር ነው። ሱቅ ላይ የሚሸጠው ሌላ ነው። በ2017 በኢንተርኔት የተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶች ሲመረመሩ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር የገጠሙት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። 18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ሲቢዲ ጉበት ውስጥ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግዱ ኤንዛይሞችንም ያውካል፤ የደም ማቅጠኛ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። የሌሊት ሺፍት ሠራተኛን እንደሚያስተኛ የሚያሳይ ማስረጃም የለውም። ቦሌ ጉምሩክ ላይ ሻንጣ ሲከፈት ደግሞ የሚታየው ዘይቱ ከካናቢስ መሠራቱ ነው፤ አያሰክርም ብሎ ማስረዳት አይጠቅምም፤ ተጠያቂው ያመጣው ልጅ ነው። ስለዚህ እንዳያመጣው ዛሬውኑ ደውልለት። ለበዓል የሚያመጣው ነገር ካስፈለገ ለመኝታህ የሚሆን ጥቁር የዓይን መሸፈኛና የጆሮ መድፈኛ ይያዝልህ።